የሚያንጠባጥብ ቦይለር ምን እያለን ነው?

በእናቴ ሻወር ቤት የተሰቀለው ባለ 80 ሊትር ቦይለር ማንጠባጠብ የጀመረው የክረምቱ ብርድ ሲጠነክር ነበር። ከሥሩ ያስቀመጠችው ባልዲ በየማለዳው ሞልቶ ይገኛል። የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራና ውሃው የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን አስገባ። «አበቃ እማማ፣ ከእንግዲህ ጠብ አይልም» ሲላት መርቃ ሸኘችው።

በሳምንቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ የወንድሜ ጓደኛ ሊጠይቃት መጣ። እጁን ሊታጠብ ገብቶ ብሎኑን ሲያይ ሳይታጠብ ወጣና የቦይለሩን ብሬከር አጠፋ። «እማማ፣ የተዘጋው እኮ የቦይለሩ መተንፈሻ ነው!» አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጆቿ ገላቸውን የሚታጠቡት እዚያው ሥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ይህን ትርፍ የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቩ ነው። እሱ ከተደፈነ ግፊቱ በጋኑ ላይ ያርፋል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከተበላሸ ደግሞ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። 1 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ እንደሚይዝ ካሰብን አደጋው ይገባናል።

እናም ቦይለርዎ ቢያንጠባጥብ መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ከውጭ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉትና የመጀመሪያዋ ጠብታ የምትወጣበትን ቦታ ይፈልጉ።

ከቧንቧው መጋጠሚያ ከሆነ ቀላል ነው፤ ውሃው ተዘግቶ፣ ተፈትቶ፣ በአዲስ ቴፍሎን ተጠቅልሎ ይታሰራል።

ከሴፍቲ ቫልቩ ከሆነ ጊዜውን ያስተውሉ። ሲሞቅ ብቻ ጠብ ካለ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በቀጭን ጎማ ወደ ፍሳሹ ይምሩት። ቀዝቅዞም የማያቆም ከሆነ ግን ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል፣ አርጅቷል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ሠራተኛ ያጽዳው ወይም ይቀይረው እንጂ ፈጽሞ አይደፈን።

ኤሌክትሪኩ ከሚገባበት ከታችኛው ክዳን ከሆነ ጎማው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ውሃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አያብሩት። ሲመጣም የመሬት ሽቦው መታሰሩን እንዲያረጋግጥ ይንገሩት።

ከራሱ ከጋኑ ከሆነ ዝገት በልቶታል። ብየዳ አያዛልቀውም፤ መቀየር ነው። አዲስ ሲገዙ ግን በጋኑ ፋንታ እንዲዝግ ውስጡ የሚደረገውን የማግኒዚየም ዘንግ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ያስፈትሹ፤ የጋኑን ዕድሜ ያረዝማል።

ከጥገና በኋላ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ካዩ በኋላ ብቻ ያብሩት። ባዶ ጋን ላይ ማብራት ማሞቂያውን ያቃጥለዋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን መርሳት ቀላል ነው።

የእናቴ ቦይለር አዲስ ቫልቭ ተገጥሞለታል። አሁንም ሲሞቅ ጠብ ይላል። የልጅ ልጆቿ «አያቴ፣ ያፈሳል!» ሲሏት «ተዉት፣ እየተነፈሰ ነው» ትላቸዋለች።