ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚነሳ ስልክ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት የቶኪዮንም ሰዓት ይናገራል ብል ማን ያምነኛል? እውነት ግን ነው። ጃፓን በ6 ሰዓት ትቀድመናለች። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ከፈረንጅ አቆጣጠር በሌላ 6 ሰዓት እንለያለን። ሁለቱ ሲደመሩ 12 ይሆናሉና የሰዓቱ ዘንግ እዚህም እዚያም አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። መጋላ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ እኛ እራት ስንቀርብ እዚያም 2 ሰዓት ነው፤ ግን እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው፣ ሰው ሁሉ የተኛበት ሰዓት።

ይህን ያስተማረኝ የወንድሜ ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ቶኪዮ እንደገባ ደውሎ፣ «አክስቴ፣ ሰዓትሽን አትንኪው፤ ቀኑን ብቻ ገልብጪው» አለኝና ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ለወራት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ማታ 2 ሰዓት ላይ በኢሞ ይደውልለት ነበር። እሱም ወዲያው ያነሳል። «ልጃችን እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ ስልክ ያነሳል» እያልን ለጎረቤት እናወራለን። ዕድሜዬን ግማሹን የሌሊት ተረኛ ሆኜ ያሳለፍኩ ነርስ ነኝ። እንዲህ ሆኜም ቀና ብዬ ሰዓቱን አይቼ «ይህ ልጅ በዚህ ሌሊት ለምን ነቅቷል?» ብዬ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብኝ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ልጅ ወደ ሩቅ አገር የላካችሁ ወይም ለመላክ የምታስቡ ወላጆችና አያቶች እኔ የዘገየሁትን ያህል እንዳትዘገዩ ነው።

የአባቴ ስም በቶኪዮ

ስለ ጃፓን የምናውቀው ጥቂት ነበር። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባወጣ በሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ማሸነፉን እናውቃለን። ቶዮታን እናውቃለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው መጽሐፍ እንደጻፉላት አንዳንዶቻችን እናውቃለን። ወጣት የውጭ አገር ሰው ጃፓን ውስጥ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ ግን አናውቅም ነበር። ልጁ በየማታው ሲያወራልን ነው የተማርነው።

መጀመሪያ ያስደነቀን የስሙ ነገር ነው። ጃፓኖች ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስም ነው። በእኛ ልጅ ፓስፖርት መጨረሻ ላይ ያለው የአያቱ ስም ስለሆነ፣ በትምህርት ቤትም በሥራም የሚጠራው በአያቱ ስም ላይ «ሳን» የሚል የአክብሮት ቃል ተጨምሮ ነው። አያቱ ማለት አባቴ ነው። ምድር ባቡር ውስጥ ሠርቶ፣ ከጅቡቲ ሳያልፍ ያረፈ ሰው። አላህ ይዘንለትና፣ ስሙ ቶኪዮ ውስጥ በየቀኑ ይጠራል ስንባል እናቴ አለቀሰች።

ጫማ በር ላይ ማውለቅ አላስቸገረውም፤ መጋላም ቤት ሲገባ እንዲሁ ነው። ያስቸገረው ዝምታው ነው። ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት ነውር ነው። ከመንገድ ማዶ ሆኖ «አቦ!» ብሎ ለመጥራት ለለመደ የድሬ ልጅ ይህ ጾም ነው። ደግሞም እኛ አንቱታ ብዙም አንወድም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን እንኖራለን። በጃፓንኛ ግን ለደንበኛ፣ ለአለቃ፣ በሥራ ለቀደመህ ሰው የሚነገረው ግስ ራሱ ይለያያል። «ቋንቋውን ሳይሆን አንገቴን ነው የማስተምረው» ይለን ነበር፤ አንገት መስበርም እንደ ሰላምታው ዓይነት መጠን አለውና።

ቆሻሻ እንኳ ቀን አለው። የሚቃጠለው በአንድ ቀን፣ ፕላስቲኩ በሌላ ቀን፣ ጠርሙሱና ቆርቆሮው በሌላ ቀን ይወጣል። የተሳሳተ ከረጢት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት እዚያው ይቀራል። የመኖሪያ ካርድን ሁልጊዜ መያዝ ግዴታ ነው። ቤት የቀየረ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለወረዳው ያስታውቃል።

አለባበሱም ተቀየረ። እሁድ ቀን ሐራጁኩ በሚባለው ሰፈር ወጣቱ ፀጉሩን ሰማያዊ ቀብቶ፣ ያሻውን ለብሶ ይታያል። ሥራ ሲፈለግ ግን ያው ሁሉ ወጣት አንድ ዓይነት ጥቁር ሱፍ ይለብሳል። የእኛም ልጅ ሥራ ለመቀጠር ጢሙን ተላጨ። ከነበረው ልብስ ያልተለየው ሽርጡን ነው። የቶኪዮ ክረምት በእርጥበት የሚያፍን ስለሆነ ቤት ሲገባ ሽርጡን ያገለድማል።

ምግቡን አስጠንቅቀነው ነበር። የአሳማ ሥጋ በብዙ ሾርባ ውስጥ አለ፤ ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫም አልኮል አለው። ስለዚህ ዓሣና ሩዝ ይበላል። ጁምዓ ሲመቸው ቶኪዮ ጃሚ ወደሚባለው ትልቅ መስጊድ ይሄዳል። በምሥራቅ ቶኪዮ ካትሹሺካ በሚባል ወረዳ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው ስለሚኖሩ እንጀራ ሲናፍቀው ወደዚያ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ሲያወራ እንስቃለን። በመጨረሻም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ እናምነዋለን።

ሰርጉ

እህቱ ለጥር ሰርግ ተቆረጠላት። ወንድሜ ሥራው የተቀዛቀዘበት ወቅት ነበር። «ልጃችን ጃፓን እያለ ምን ያሳስበናል?» ተባለ። ይህን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን እወድ ነበር። ያልኩት ግን እኔ ነኝ። መልእክቱንም የላክሁለት እኔ ነኝ፤ የ200 ሺህ ብር መልእክት። እሱም «እሺ አክስቴ» አለ። ከዚያ በኋላ ምስል ያለበት ጥሪ ቀረ። «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ይላል። ጃፓን ውስጥ!

አንድ ማታ ድምፁን ብቻ እየሰማሁ ሳለ ከበስተኋላው የማሽን ጉምጉምታ ሰማሁ። የሚያወሩ ሰዎችም አሉ። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤ 2 ሰዓት። ሌሎቹ እስኪነሱ ጠብቄ፣ «የት ነህ?» አልኩት። ዝም አለ። «ልጄ፣ እኔ የሌሊት ተረኛ ድምፅ አውቃለሁ። የት ነህ?»

ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ቤንቶ የሚባለውን በሣጥን የታሸገ ምግብ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ። በነርቭ የሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ፣ ከዓይን በስተቀር ሁሉም ነገር ተሸፍኖ፣ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነጭ ለብሶ፣ እየሮጠ በሚያልፍ ሣጥን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሩዝ ያስቀምጣል። ስልካችንን ወዲያው የሚያነሳው የእረፍት ሰዓቱ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው። 3 ሌሊት እዚያ፣ 3 ሌሊት ሌላ መጋዘን ውስጥ፣ በየሌሊቱ 7 ሰዓት ይሠራል። በሳምንት 42 ሰዓት። ጠዋት ደግሞ ክፍል ይገባል። እግሩ ያብጣል፤ አንድ ጠዋት ከባቡር ሲወርድ ራሱን ስቶ ወድቋል። ለማንም አልተናገረም።

እኔ ካመመው ይልቅ ያስፈራኝ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። ጃፓን ውስጥ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ፈቃድ አውጥቶ መሥራት የሚችለው በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው። በትምህርት ቤቱ ረጅም እረፍት ጊዜ ብቻ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል። ሁለት ቦታ መሥራት ሰዓቱን አይከፍለውም፤ የሁለቱም ይደመራል። ካርዱ ሲታደስ የገቢና የግብር ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል፣ የክፍል መገኘቱም ይታያል። ከሰዓቱ ያለፈ ተማሪ እድሳት ሊከለከልና ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። አብሮት በአንድ ቤት ይኖር የነበረ የሌላ አገር ልጅ በዚሁ ምክንያት ተመልሷል።

ወረቀቱን አስልተን አየነው። በዚያን ጊዜ የቶኪዮ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 1,163 የን ነበር። በ28 ሰዓት ሲባዛ በሳምንት 32,564፣ በ4 ሳምንት 130,256 የን ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ባቡር፣ የጤና መድን፣ የቀጣዩ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይወጣል። ለሰርግ የሚተርፍ የለም። ከሌሊቱ 10 እስከ ንጋት 5፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ክፍያው በ25 በመቶ ስለሚጨምር ወጣቱን ሌሊቱ ይስበዋል። የተጨመረው ገንዘብ ግን የሚከፈለው ከሰውነቱ ነው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የማይተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከእኔ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ወንድሜ የፈረመው ወረቀት

በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። የልጁን ፋይል አስወጣሁት። ከወረቀቶቹ መካከል የወንድሜ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ አለ።

«ይህን የፈረምከው አንተ ነህ?»

«ደላላው ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ።»

«ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ።»

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው፦ የልጁን የትምህርትና የኑሮ ወጪ እኔ አባቱ እሸፍናለሁ። በራሱ ወጪ ጃፓን ለመማር የሚሄድ ተማሪ ደጋፊ ማሳየት አለበት፤ የባንክ ሂሳብም ከዚያ ጋር ይቀርባል። ደላላው ግን «ተማሪ ብሎ ይግባ እንጂ እዚያ ሥራ ሞልቷል፣ እሱ ነው እናንተን የሚረዳችሁ» ብሎ አስፈርሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። በወረቀት ደጋፊዎቹ እኛ ነን። በተግባር ግን የ22 ዓመት ልጅ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አቁመን እኛን ደግፈን አልነው።

ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ሙሽራዋ ከጓዳ ሰምታን ኖሮ ወጣችና፣ «የወንድሜን እንቅልፍ በልቼ አልዳርም» አለች። ድንኳኑ ቀረ። ዕቁቡን ከሚመጣው ዕጣ አስቀድመው እንዲሰጡን ሰብሳቢዋን ለመንናት፤ ሰጠችን። እኔም ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጥኳትን ጨመርኩ። ሰርጉ ግቢ ውስጥ ሆነ። ሆጃና ሙሸበክ አልጠፋም፤ ዘፈኑም አልጎደለም።

ልጁ በዚያው ሳምንት የመጋዘኑን ሥራ ተወ። የፋብሪካው 21 ሰዓት ብቻ ቀረለት። ካርዱ የሚታደሰው በሰኔ 2017 ነበር። ወረቀቱ ገብቶ መልስ እስኪመጣ 5 ሳምንት ፈጀ፤ በእነዚያ ሳምንታት እናቴ ዱዓ ሳታደርግ አንድም ምሽት አልተኛችም። ታደሰለት። አላህ ረዳን እንጂ እኛ ያደረግነው የሚያሳድስ አልነበረም። አሁን ቋንቋውን ጨርሶ በመጪው ሚያዝያ የመኪና ጥገና ሙያ ትምህርት ቤት ለመግባት እየተዘጋጀ ነው።

ለወላጆች

ልጃችሁን ወደ ጃፓን ለመላክ ካሰባችሁ መጀመሪያ አዲስ አበባ ያለውን የጃፓን ኤምባሲ ጠይቁ። የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል የትምህርት ክፍያውንም የአውሮፕላኑንም ወጪ ይችላል፣ ለኑሮም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዮኮሃማ ላይ ይፋ የተደረገው የአፍሪካ ወጣቶች ፕሮግራምም አለ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል፣ በጃፓን ድርጅት ውስጥም ሥራ ያለማምዳል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ግን ደላላ አያስፈልገውም። በራሳችሁ ወጪ ከሆነ የምትፈርሙትን ወረቀት አስተርጉማችሁ አንብቡ።

ልጁ ከሄደ በኋላ «ስንት ትልካለህ?» ከማለት በፊት «በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራለህ? መቼ ትተኛለህ?» በሉ። ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ሰው የመንግሥት የጤና መድን መግባት አለበት። ከገባ በአብዛኛው ከሕክምናው ወጪ 30 በመቶውን ብቻ ይከፍላል። ስለዚህ ሲታመም በፓናዶል አያሳልፈው። የአምቡላንስ ቁጥሩ 119 ነው፤ ለአምቡላንሱ አይከፈልም። አልፎ አልፎም በምስል ደውሉ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ከከንፈሩ ሳይሆን ከዓይኑ ሥር አንብቡት።

ባይተዋርነት ለእኛ አዲስ አልነበረም። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመናዊውም በወጣትነቱ መጥቶባታል። በልጅነቴ ከቤታችን ማዶ ሱቅ የነበረው የመናዊ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ይተኛ ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ለቤተሰቦቹ ይልካል። ለእኛ ለልጆች ሁልጊዜ ይስቅልናል፤ ከረሜላ ይሰጠናል። አባቴ አንድ ቀን፣ «ቀን ሲስቅ ታዩታላችሁ፤ ሌሊቱን ማን ያየለታል?» አለን። ያኔ አልገባኝም ነበር።

አሁን የምንደውለው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። እዚያ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ይሆናል። ከትምህርት ወጥቶ፣ በልቶ፣ ፊቱን እያሳየን ያወራናል። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ ተደብቄ እደውል ነበር። ሥራ በሌለበት ሌሊት ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ማንም ሳያነሳው ሲቀር፣ ተኝቷል ማለት ነው ብዬ እኔም እተኛለሁ።