የቀለበታችን ፈርጥ እና የቆፋሪው ሳንባ

ዛሬ ስለ ማዕድን ነው የማወራችሁ። «ዶክተር፣ ማዕድን ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይገናኛል፤ ያውም በሳንባ በኩል።

ከይፋግ ብንነሳ ሩቅ አይደለም። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸና ይደርሳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲገነጠል ደላንታ፣ ወገል ጤና ነው። የወሎ ኦፓል እየተባለ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ፈርጥ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚወጣው ከዚያ ገደል ነው። በብዛት የሚያወጡትም የአካባቢው ገበሬዎችና ወጣቶች ናቸው፤ በእጅ መሣሪያ። ኦፓሉ ያለበት ንብርብር ስስ ስለሆነ እሱን እየተከተሉ ወደ ገደሉ ውስጥ ዋሻ ይቆፍራሉ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ 20 ገደማ ቆፋሪዎች ውስጥ መቅረታቸው በዓለም ዜና ሁሉ ተሰማ። የዋሻ መደርመስ ዜና ይሆናል። አቧራው ግን ዜና አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው።

🫁 አቧራው ምን ያደርጋል?

ኦፓል ከሲሊካና ከውኃ የተሠራ ነው። ያቀፈው የእሳተ ገሞራ ዐለትም በሲሊካ የበለጸገ ነው። ዐለቱ ሲፈረከስ ከፀጉራችን ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚያንስ ብናኝ ይነሳል። ትልቁን አቧራ አፍንጫችን ይይዘዋል፣ በአክታም ይወጣል። ደቂቁ ግን ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። እዚያ ያሉት ተከላካይ ሴሎች ሊያጠፉት ሲውጡት ራሳቸው ይሞታሉ። ይህ ሲደጋገም ሳንባው ጠባሳ እያበጀ ይደነድናል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል።

ሲሊኮሲስ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በተዘጋ ቦታ ብዙ አቧራ ለሚስብ ሰው ግን ቶሎ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ዳገት ሲወጡ ማለክለክ፣ ደረቅ ሳል፣ ድካም። በዚህ ላይ ሲሊካ የጎዳው ሳንባ ለቲቢ በጣም የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ ለቁፋሮ ሄዶ የተመለሰ ወንድም ወይም ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት፦

👉 ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለው ጤና ጣቢያ ሄዶ የአክታ ምርመራ ያድርግ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነፃ ነው።
👉 ለሐኪሙ «ዋሻ ውስጥ ስቆፍር ነበር» ብሎ ይናገር። ካልተናገረ ሐኪሙ ሲሊኮሲስን ላያስበው ይችላል።
👉 ሲጋራ ያቁም።

ታዲያ ኦፓል መግዛት እንተው?

አይደለም! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከኮንጎ የሆነውን ልንገራችሁ። እጃችሁ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ታንታለም፣ ቆርቆሮና ወርቅ አለ። የምሥራቅ ኮንጎ ማዕድን ታጣቂዎችን ይደጉማል ተብሎ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያዎች የማዕድናቸውን ምንጭ እንዲገልጹ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የኮንጎ መንግሥትም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቁፋሮውን ለወራት አገደ። ብዙ ገዢዎች ከማጣራት ይልቅ አካባቢውን ጥለው መውጣትን መረጡ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ሕጉ ባነጣጠረባቸው ማዕድን ማውጫዎች አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ሕፃናት የመሞት ዕድላቸው ቢያንስ በ143 በመቶ መጨመሩን ገመተ። ለምን? ቆፋሪው አባት ገቢው ሲቆም እናት ለሕፃኑ ሕክምናና እንክብካቤ የምታውለው አነሰ። አያችሁ? «ንጹሕ እጅ ይኑረኝ» ብሎ መሸሽም በሽታ ያመጣል። ኃላፊነት ማለት ቆፋሪውን መተው አይደለም፣ ሥራው እንዳይገድለው ማድረግ ነው።

✅ ለገዢዎች
ፈርጡ ከየት እንደመጣና ማን እንዳወጣው ጠይቁ። ከቆፋሪዎች ማኅበር የሚረከብና ምንጩን የሚናገር ሻጭ ካለ እሱን ምረጡ። ዋጋውን ስትከራከሩም አስቡት፤ ቅናሹ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ቆፋሪው ላይ ነው። ለዋሻው ድጋፍ እንጨት የሚገዛው በዚያው ብር ነው።

✅ ለቆፋሪዎች
የምትመቱት ዐለት ላይ ውኃ አርከፍክፉ፤ አቧራውን በጣም ይቀንሳል። ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍ ላይ መጠምጠም ደቂቁን ብናኝ አያስቀርም። ኤን-95 የሚባለው ማስክ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ይሻላል። የሥራ ልብስ ከቤት ውጭ አራግፉ፣ ልጆች እንዳይስቡት። ብቻችሁን ዋሻ አትግቡ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ።

✅ ድንጋይ ለሚቆርጡና ለሚያለሰልሱ
እናንተ ከተማ ስላላችሁ አትዘናጉ፣ አቧራው ያው ነው። በደረቁ አትፍጩ፤ ማሽኑ ላይ ውኃ ይፍሰስ፣ መስኮት ክፈቱ።

የኦፓል ውበቱ ሲያገላብጡት ቀለሙ መለዋወጡ ነው። ስታገላብጡት ያወጣውንም ሰው አስቡት። ቆፋሪ ወይም ድንጋይ ቆራጭ የምታውቁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት፤ ስልክ ለሌለው ደግሞ አንብቡለት።

መልካም ጤና ለሁላችሁም!