የመስተዋት ኳስ ገበያ፦ ትርፉም ኪሳራውም ያለው መብራቱ ላይ ነው

የምሽት ክበብ፣ የሠርግ አዳራሽ ወይም የሆቴል ዳንስ ቤት ለማደራጀት የተነሣ ባለሀብት ከሚገዛቸው ዕቃዎች መካከል እንደ መስተዋት ኳስ ቀላል የሚመስል የለም። ኳሱ ኮርኒስ ላይ ይሰቀላል፣ ይሽከረከራል፣ አዳራሹም በብርሃን ፍንጣሪ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል። ይሁንና በርካታ ገዢዎች ገንዘባቸውን በሙሉ ኳሱ ላይ አውለው መብራቱን "በቤቱ ያለው ይበቃል" ብለው ይተዉታል። በምረቃው ምሽት ግድግዳው ላይ የሚታየው ደብዛዛ ነጠብጣብ ብቻ ሲሆን ጥፋቱ በኳሱና በሻጩ ላይ ይወድቃል። ኳሱ ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሰጡትን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ከሲንሲናቲ እስከ ሉዊቪል

ዕቃው ከዲስኮ ሙዚቃ ጋር የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሉዊስ ዎስቴ የተባለ አሜሪካዊ በመስተዋት ቁርጥራጭ ለተሸፈነው ኳሱ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በ1920ዎቹ በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ የነበረ ድርጅት ይህንኑ ኳስ ለዳንስ አዳራሾች ይሸጥ ነበር።

ትልቁ ገበያ የመጣው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ስቱዲዮ 54 በኒውዮርክ የተከፈተውና "ሳተርዴይ ናይት ፊቨር" የተሰኘው ፊልም የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን የኳሱ ፍላጎት ጣሪያ ነካ። በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ይሠራ የነበረው ኦሜጋ ናሽናል ፕሮዳክትስ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሸጡት ኳሶች 90 በመቶ ያህሉን ያመረተው እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል። ሐምሌ 1979 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ስታዲየም የዲስኮ ሸክላዎች በፈንጂ ሲጋዩ የፋሽኑ ማብቂያ ተበሰረ፤ ገበያውም ተቀዛቀዘ። የእጅ ሥራውም እየተመናመነ ሄዶ በ2010ዎቹ የአሜሪካ ጋዜጦች በፋብሪካው ይህን ሙያ የያዙት አንዲት አንጋፋ ሴት ሠራተኛ ብቻ መሆናቸውን ዘግበዋል። በርካሽ ዋጋ የሚቀርበው የቻይና ሥሪት ደግሞ ገበያውን ተቆጣጥሮታል። ለነጋዴው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ይህ ዕቃ ፋሽን ሲነሣ የሚነሣ፣ ሲወድቅ መጋዘን የሚሞላ ነው።

ከመቶ አራት እጅ

ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ሒሳብ የመብራቱ ጨረር ስፋት ነው። በሙያተኞች ዘንድ "ፒን ስፖት" የሚባለው ጠባብ መብራት ጨረሩ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ከኳሱ 5 ሜትር ርቀት ላይ ቢሰቀል የሚያበራው ክብ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በመሆኑም 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ኳስ ልክ ነው፤ ብርሃኑ ሁሉ ኳሱ ላይ ያርፋል። ያንኑ መብራት ወደ 10 ሜትር ቢያርቁት ክቡ 87 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ኳሱን የሚያገኘው ከብርሃኑ ሲሶው ብቻ ነው።

ለመድረክ የሚያገለግለውን 30 ዲግሪ ሰፊ መብራት በ5 ሜትር ርቀት ላይ የሰቀለ ሰው ደግሞ የባሰ ይከስራል። ክቡ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ስለሚሰፋ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። የተረፈው ከኳሱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አጥለቅልቆ ፍንጣሪዎቹን ያጠፋቸዋል። ባለቤቱ የመቶ ዋጋ ከፍሎ አራቱን ያገኛል ማለት ነው።

አንድ መብራት የሚያገኘው የኳሱን ግማሽ ብቻ ስለሆነ አዳራሹን እኩል ለመሙላት ከተለያየ ማዕዘን ከሁለት እስከ አራት መብራት ማነጣጠር የተለመደ ነው። በአምፖል የሚሠራው የቀድሞው ፒን ስፖት 30 ዋት የሚወስድ ሲሆን አራቱ ስምንት ሰዓት ቢበሩ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞሉም። ኤልኢዲው ከዚያም ያነሰ ይወስዳል። ቀለማቱ ከተለያዩ ትናንሽ አምፖሎች የሚወጡበት ኤልኢዲ ግን አንዱን ነጠብጣብ ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ሳይበራ መግዛት አይበጅም።

የመስተዋቱ ቁራጭም መጠን አለው። 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኳስ ላይ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 7,800 ያህል ቁራጮች ይለጠፋሉ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2,000 ያህል። ትንንሹ ብዙና ደቃቅ ፍንጣሪ ሲሰጥ ትልልቁ ጥቂትና ደማቅ ይሰጣል። ሰፊ አዳራሽ ያለው ሰው ደማቁን ቢመርጥ ይጠቀማል።

ሞተሩና ስቅያው

ኳሱ ሲዞር ፍንጣሪው በእጥፍ ማዕዘን ይዞራል። በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ኳስ 10 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ግድግዳ ፍንጣሪውን በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ያስሮጠዋል። ስለዚህ አዳራሹ በሰፋ መጠን ዝግተኛ ሞተር ያስፈልጋል፤ ፈጣኑ እንግዳን ያዞራል እንጂ አያስደስትም።

ከአሜሪካ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣ ሞተር በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። እዚህ ካለው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ ቢያገናኙት ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ቢሠራም የኤሌክትሪኩን ኸርዝ ተከትሎ የሚዞረው ዓይነት በ50 ኸርዝ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ስለሆነም ደላላው ከሚናገረው ይልቅ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። የኳሱ ስፋት እጥፍ ሲሆን የመስተዋቱ መጠን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ30 ሳንቲ ሜትር ኳስ የተለመደ ሞተር ለ60ው አይበቃም። ሞተሩ የሚሸከመው ክብደት ከኳሱ ክብደት መብለጥ አለበት። መንጠቆው የሚታሰረውም በኮርኒሱ ጣውላ ሳይሆን በቤቱ ወራጅ ወይም በብረት ምሰሶ ነው። ከዋናው ስቅያ ሌላ ለብቻው የታሰረ የብረት ገመድ ወይም ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል፤ ሞተሩ ቢከዳ ኳሱ ከሥር በሚጨፍረው ሰው ላይ እንዳይወርድ የሚይዘው እርሱ ነው።

ለአስመጪው

ኳሱን ብቻ ጭኖ የሚያመጣ ነጋዴ የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው፤ ተመሳሳይ ኳስ ከጎኑም ይገኛልና። ኳሱን፣ ልኩ የሆነውን ሞተር፣ ጠባብ መብራቱንና የደኅንነት ሰንሰለቱን አንድ ላይ አዘጋጅቶ፣ በሱቁ ውስጥ ጨለማ ጥግ አድርጎ እያበራ የሚያሳይ ግን ሌላው የማይሸጠውን ይሸጣል። ገዢውም ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይለካ፤ የአዳራሹን ስፋት፣ ከመብራቱ እስከ ኳሱ ያለውን ርቀት፣ የኳሱን ክብደት። ሜትርና ሚዛን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በኳሱ ብልጭታ አይታለልም።