ቲማቲም በጠርሙስ፣ ማንጎ በፀሐይ

ዛሪማን በመሰሉ ቆላማ አካባቢዎች ምርት ሲደርስ አንድ ላይ ይደርሳል። ማንጎው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በስሎ ያልቃል፤ በመስኖ የለማው ቲማቲምም ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ይወድቃል፣ ያልተሸጠው ይበሰብሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ቲማቲም የማይቀመስ ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚገባ፣ ዘንድሮ ከፍራፍሬ ወቅት ጋር ቢገጥም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለያየቱ አይቀርም። ታዲያ የተትረፈረፈውን በቤት ውስጥ አሽጎ ማቆየት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ነገር ግን የትኛው ምርት እንደሚታሸግና የሚኖሩበት ቦታ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሳያውቁ መጀመር አደጋ አለው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውኃ ውስጥ በመቀቀል ማቆየት ቻለ፤ በ1810 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ይፋ ሲያደርግም ከመንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን እሱም አያውቅም ነበር። ምክንያቱ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን መሆናቸው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ በሉዊ ፓስተር ምርምር ነው። በየሱቁ ለብዙ ዓመታት ስናየው የኖርነው የመርቲ የቲማቲም ድልህም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

አደጋው ምንድን ነው? ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል። ዘሩ (ስፖሩ) በፈላ ውኃ አይሞትም፤ እሱን ለማጥፋት እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል። አየር በሌለበትና ኮምጣጣነት በጎደለው ምግብ ውስጥ ሲያድግ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ያመነጫል። በደንብ የታሸገ ጠርሙስ ደግሞ አየር የለውም! ስለዚህ መከላከያው ኮምጣጤነት ነው፤ በቂ አሲድ ባለበት ምግብ ውስጥ ይህ ባክቴሪያ አያድግም።

በመሆኑም ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሥጋና ወጥ በቤት ድስት ቀቅለው በጠርሙስ አያሽጉ። ፓፓያም ጣፋጭ እንጂ ኮምጣጣ ስላልሆነ ከዚሁ ወገን ነው፤ ትኩሱን ቢበሉት ይሻላል። በዘይት የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትንም ከማቀዝቀዣ ውጪ ማቆየት አደገኛ ነው። ቲማቲም ድንበር ላይ ያለ ነው፤ አንዳንዱ በቂ አሲድ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ስለዚህ ለአንድ ሊትር ጠርሙስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ግዴታ ነው። ለግማሽ ሊትር ግማሹ ይበቃል። ከዛፍ የተቆረጠ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ወደ 90 ይጠጋል። ሊማሊሞን ወርደው ዛሪማ ሲደርሱ ውኃው እንደገና ይሞቃል። ድስቱ በኃይል መንተክተኩ ሊያታልልዎት አይገባም፤ ደጋ ላይ የሚንተከተከው ውኃ ከቆላው ያነሰ ሙቀት ነው ያለው። ማካካሻው ጊዜ ነው። የደቀቀ ቲማቲም ከ900 እስከ 1,800 ሜትር ባለ ስፍራ ለግማሽ ሊትር 45፣ ለአንድ ሊትር 55 ደቂቃ ይቀቀላል። ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ማለትም ጎንደርና ደባርቅ፣ 50 እና 60 ደቂቃ ነው። የሚቆጠረው ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ያልተመታና ያልሻገተ ቲማቲም ይምረጡ። በፈላ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ነክረው ቆዳውን ይላጡ፣ ቆራርጠውና ደቁሰው ለ5 ደቂቃ ያፍሉ። አሲዱን በንጹሕና በሞቀ ጠርሙስ ውስጥ አስቀድመው ይጨምሩ፣ ትኩሱን ቲማቲም ገልብጠው ከአፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያጉድሉ። አፉን ጠርገው ክዳኑን በጣት ኃይል ብቻ ያጥብቁ። ከድስቱ ሥር ጨርቅ ያንጥፉ፤ አለበለዚያ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ውኃው ክዳኑን ቢያንስ በ3 ሴንቲ ሜትር ይሸፍን። ካወጡት በኋላ ሳይነኩት ይደር፤ በማግስቱ የክዳኑ መሐል ሲጫኑት ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ አልታሸገምና ያንኑ ቀን ይጠቀሙበት። ክዳኑ አዲስ ይሁን። አንድ ጊዜ ያገለገለ ክዳን አስተማማኝ አይደለም። ሃይላንድ የምንለው የውኃ ፕላስቲክማ ጭራሽ አይሆንም።

ቆላ ላይ ማፍላቱ ቢቀልም ማስቀመጡ ይከብዳል። የታሸገ ምግብ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቤት ሊበላሽ ስለሚችል ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይደርድሩት፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጉለት፣ በዓመት ውስጥም ጨርሱት።

ለአንድ ሁለት ጠርሙስ ያን ያህል እንጨት ወይም ከሰል ማንደድ አያዋጣም። አዲስ ክዳን ካልተገኘም ማድረቅ ይሻላል፤ ቋንጣ ለሚያውቅ ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። ለማንጎ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጠው በሎሚ ውኃ ነክረው በንጹሕ ወንፊት ላይ ያስጡት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍነው ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት። ሲታጠፍ እንደ ቆዳ የሚለመጥና እርጥበት የሌለው ሲሆን ደርቋል። ፀሐይ የተወሰነ ቫይታሚን ቢወስድበትም ለልጆች ከከረሜላ ይሻላል። ለደባርቅ ብርድና ለክረምት ግን ይህ ዘዴ አይሆንም።

ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚተፋ ወይም አረፋ የያዘ ጠርሙስ ካጋጠመዎት አይቅመሱት፤ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ ይቅበሩት። መርዙ ሽታና ጣዕም ላይኖረው ስለሚችል «ቀምሼ ልየው» የሚባል ነገር የለም። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ፤ ነገር ለሁለት ማየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአፍ መድረቅ፣ መንተባተብ፣ ለመዋጥና ለመተንፈስ መቸገር ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የበሉትን ምግብ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የተረፈም ካለ ይዘውለት ይሂዱ።