ለሺህ ሰው አሥር መኪና

አሜሪካውያን በሙሉ፣ ከጨቅላ እስከ ሽማግሌ፣ በአንድ ጊዜ መኪና እንሳፈር ቢሉ የኋላ ወንበር አያስፈልጋቸውም። ሕዝባቸው ከ330 ሚሊዮን ይበልጣል፤ የተመዘገበው ተሽከርካሪያቸው 280 ሚሊዮን ገደማ ነው። የፊቱ ወንበር ብቻ ሁሉንም አስቀምጦ ይተርፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሚገመተው ሕዝብ ያለው ተሽከርካሪ 1.2 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ለሺህ ሰው አሥር መሆኑ ነው። የዚህም ግማሽ ያህሉ አዲስ አበባ ውስጥ ይርመሰመሳል። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ያለችው ደብረ ኤልያስ የምትጋራው ከተረፈው ነው።

ደብረ ኤልያስ ስሟ የሚነሳው በቅኔ እንጂ በመኪና አይደለም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው እዚህ፣ ከዚያም ደብረ ወርቅና ዲማ ሲማሩ የቆሎ ተማሪ መጓጓዣው እግሩ ነበር። መኪና ግን ያኔም በአገሪቱ አልጠፋም። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና በረሃና ገደል አሻግሮ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሷል። ሄንሪ ፎርድ ዝነኛዋን ሞዴል ቲ ለገበያ ያወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1901 መባቻ ነው። ዘመኑ ተቀራራቢ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የሰፋው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ፎርድ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ 15 ሚሊዮን ሞዴል ቲ ሸጠ።

በመንገድም እንዲሁ ነው። በ1989 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የኢትዮጵያ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100 ሺህ አልፏል። ከጭማሪው ብዙው ቀበሌን ከወረዳ ያገናኘ የጠጠር መንገድ ነው። አሜሪካ ከ6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ አላት።

ብዙዎች የማያስታውሱት ሌላ ነገር አለ፦ ኢትዮጵያ እስከ 1956 ድረስ በግራ ነበር የምትነዳው። ሰኔ 1 ቀን አገሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ።

ኢትዮጵያዊ መኪናን በስም ያሳምራል፣ በስምም ይከሳል። ድብልብሉ ሚኒባስ ዶልፊን ሆነ፤ የሚያንገጫግጨው መለስተኛ አውቶቡስ ቅጥቅጥ ተባለ። አደጋ ያበዛው አይሱዙ አልቃይዳ፣ ሲኖትራክ ደግሞ ቀይ ሽብር የሚል ስም ወጣላቸው። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ አገር ውስጥ ከገጣጠማቸው አውቶሞቢሎች አንዷን አባይ ብሏት ነበር፤ ኩባንያው ግን ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። መንጃ ፈቃዱም የራሱ ለዛ አለው፤ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ እየተባለ ይለያል። ተሳፋሪ፣ እህልና ነዳጅ መሆናቸውን ለጎጃም አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ስሞቹ ቀልድ ቢመስሉም ከጀርባቸው ያለው ቁጥር አያስቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ በዓመት 4,352 የትራፊክ ሞት መዝግባለች። ያኔ የነበረው ተሽከርካሪ ከ700 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለአሥር ሺህ መኪና ሲካፈል 61 ሰው ይደርሳል። አሜሪካ በዚያው ዘመን ከ37 ሺህ በላይ ሰው ብታጣም ለአሥር ሺህ መኪና ሁለት እንኳ አይሞላም። ያውም የተመዘገበው ብቻ ተቆጥሮ ነው፤ የድርጅቱ የራሱ ግምት ለኢትዮጵያ ከ27 ሺህ ይበልጣል። የሟቹ ማንነትም ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የሚበዛው መኪናው ውስጥ ያለው፣ በተለይም ሾፌሩ ነው። እዚህ የሚሞተው ይበልጡን እግረኛና ተሳፋሪ፣ ማለትም መኪና የሌለው ሰው ነው። እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተደርቦ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ቀበቶ ከየት ያመጣል?

ከምሥራቅ ጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ደግሞ በአባይ በረሃ ያልፋል። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ አለ። በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2001 ዋዜማ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። ድልድዩ ወንዙን አቀለለ እንጂ ቁልቁለቱን አላቀለለም፤ ፍሬን የሚፈተነው እዚያ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ጉዞው የሚወሰነው በሾፌሩ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ተከፈተ ተዘጋ የሚለው ወሬ መናኸሪያውን ይቀድመዋል።

ዋጋም ሌላ ታሪክ ነው። የአሜሪካ መኪና አማካይ ዕድሜ 12 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን እዚያ ያ እንደ እርጅና ይቆጠራል። እዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራች ዲኤክስ ኮሮላ ገዢ አታጣም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ የነበሩትን ይበልጥ አስወደዳቸው። በ2016 ጥር ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ፤ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ኢትዮጵያ ሆነች። በዚያው ዓመት ባለሥልጣናት ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና ገብቷል ብለዋል። ቻርጅ ማድረጊያው ግን በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ኤልያስ ጤፍና ስንዴ የሚያወጣው ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ዛሬም የሚጠጣው ናፍጣ ነው።