ከፓምፑ በፊት አካፋው፦ የበረትና የመኪና እጥበት ለነጋዴው ምን ያወጣል?

ከኢትዮጵያ በጋላፊ በኩል የሚመጣው የጭነት መንገድ ባልባላን አልፎ ወደ ጅቡቲ ወደቦች ይዘልቃል። በፒኬ 12 የሚያርፍ ሹፌርም ሆነ ረዳት የናፍጣውን፣ የመኖውንና የደላላውን ወጪ አንድ በአንድ ይነግርዎታል። የመኪናው ወለል መቼና በምን እንደታጠበ ግን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው ጥቂት ነው።

ይህ ቸልታ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን የቀንዱ ነጋዴ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዐረቢያ ጂዛንና በየመን ሲከሰት የባሕረ ሰላጤው ገበያ ለአካባቢያችን እንስሳት ተዘጋ። ሳዑዲ በሶማሊያ እንስሳት ላይ የጣለችው እገዳ እስከ 2009 ቆየ። የዳመርጆግ ለይቶ ማቆያ በ2006 ሥራ የጀመረውም የገዢውን አመኔታ ለመመለስ ነው። አመኔታው የቆመው በደም ምርመራው ብቻ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ የመጣ ፍየል በቆሸሸ መኪና ወይም ጉረኖ ውስጥ በሽታ ሊይዝ ይችላል።

በዚህ ረገድ ነጋዴው ከዩኒቨርሲቲ የምርምር እንስሳት ቤቶች የሚማረው ነገር አለ። እነዚህ ቤቶች ከመጥረጊያና ከውኃ ጎማ ወደ ማሽን የተሸጋገሩት ለውበት ብለው አይደለም። ካለፈው ሙከራ የቀረ ጀርም የአዲሱን ሙከራ ውጤት ስለሚያበላሽ ነው። የአይጥና የጥንቸል ቀፎዎች በሳሙና ታጥበው እስከ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ውኃ ይለቀለቃሉ። ሙቀቱ መድረሱ ደግሞ ቀለሙን በሚለውጥ ወረቀት ይረጋገጣል። ትልልቅ እንስሳት በሚኖሩበት ክፍል አረፋ የሚረጭ ማሽን፣ የግፊት ማጠቢያና የመድኃኒት መቀላቀያ ይሠራሉ። የማሽኑ ዓይነት ቢለያይም የሥራው ቅደም ተከተል ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

መጀመሪያ ፋንድያው በደረቁ በአካፋ ይነሣል። ቀጥሎ ሳሙና ተረጭቶ፣ ታሽቶ ይለቀለቃል። ወለሉ ጠፈፍ ሲል ብቻ ጀርም ገዳዩ መድኃኒት ይረጫል። ይህ ቅደም ተከተል ሲፈርስ ገንዘቡ ይባክናል። በረኪና ፋንድያ ላይ ቢፈስ ኃይሉ እዚያው ያልቃል፤ ጀርሙ ከሥር ተሸሽጎ ይተርፋል።

መድኃኒቱም እንደ በሽታው ይመረጣል። የአፍተግር ቫይረስ ጠንካራ አሲድም ሆነ ጠንካራ አልካሊ አይችልም። ስለዚህ 4 ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በ100 ሊትር ውኃ በጥብጦ መርጨት በርካሽ የሚገኝ መፍትሔ ነው። የውርጃ በሽታ አምጪው ብሩሴላ ግን በእርጥብና ጥላ ባለበት አፈር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ስለሚቆይ ወለሉ አፈር ከሆነ በመድኃኒት ብቻ አይጠራም። ሲሚንቶ ወለል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የጅቡቲ አየርና ውኃ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በበጋው ሙቀት የተረጨው መድኃኒት ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል፤ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከ10 እስከ 30 ደቂቃ እርጥብ ሆነው መቆየት ይፈልጋሉ። አረፋ የሚረጭ ማሽን ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ በመሆኑ እዚህ ከተራ ርጭት ይሻላል። ሥራውም ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ ቢሆን ይመረጣል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ጨዋማና ጠንካራ ነው፤ ሳሙና አያረፋም፣ የማሞቂያውንና የመርጫውን አፍ ይደፍናል። ማጣሪያ የሌለው ውድ ማሽን ብዙም ሳይቆይ ሊበላሽ ይችላል።

የግፊት ማጠቢያም ጉዳት አለው። ፋንድያ ሳይነሣ ከተተኮሰ ቆሻሻውን ወደ አየር ይበትነዋል፤ ውርጃና የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ደግሞ ሰው ላይም ይጋባሉ። አጣቢው ጭምብል፣ ጓንትና ቦት ጫማ ይፈልጋል። የእጥበቱ ውኃም መሄጃ ካጣ ተጠራቅሞ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ትንኝ ይራባበታል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን በዋናነት የሚያዛምተው ትንኝ ነውና ፓምፕ ገዝቶ ቦይ አለመቅደድ አንዱን በሽታ አስወጥቶ ሌላውን መጋበዝ ይሆናል።

ታዲያ ማን ይክፈል? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መኪናውን ያጠበ ባለንብረት ጊዜና ገንዘብ ያወጣል፤ ጥቅሙ ግን የሚደርሰው ቀጥሎ ለሚጭነው ነጋዴና ለመላው ገበያ ነው። ለብቻው የሚከፍል ሰው ስለሚከስር ሁሉም ይተወዋል። መፍትሔው ወጪውን በእንስሳቱ ቁጥር ማካፈል ነው። አንድ መኪና ማጠብ 4,000 ፍራንክ ይፈጃል ብለን እናስብ። 100 ፍየል ለጫነ መኪና በነፍስ ወከፍ 40 ፍራንክ ይደርሳል። አንድ ፍየል በመንገድ ሞቶ ከሚያጎድለው ጋር ሲነጻጸር ይህ ኢምንት ነው።

ለአረፋ መጫኛ ጥድፊያው ሳይጀምር ነጋዴው ማድረግ የሚችለው አለ። መኪና ሲከራይ ከመጫኑ በፊት ወለሉን ወርዶ ይይ፤ የእጥበቱን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ያስገባ። ጉረኖ ሲረከብ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ፋንድያው በደረቁ ተነሥቷል ወይ? የተረጨው ምንድን ነው፣ በምን ያህል ውኃ? ውኃውስ ወዴት ይሄዳል? ለእነዚህ መልስ የሌለው በረት ዕቃው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ከብት አይገባበትም።