የፀሐይ ማዕበል የቂብላ ኮምፓሳችንን ያስታል?

መርካቶ አንዋር መስጂድ አካባቢ ኮምፓስ የምንገዛው ለቂብላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ይላል። ታዲያ የፀሐይ ማዕበል ሲነሳ መርፌው ይሳሳታል?

ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ይነፍሳሉ። ነፋሱ ሲፈጥንና ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር የምድር መግነጢሳዊ ጋሻ ይከፈትለታል። ያኔ በሺዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ምድርን የሚዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት ይበረታል፤ ከምድር ወገብ አካባቢ ያለውን መስክም ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024ቱ ከባድ ማዕበል ቅናሹ 400 ናኖቴስላ ገደማ ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መርፌውን የሚመራው መስክ ግን 36 ሺህ ናኖቴስላ ያህል ነው። ቅናሹም በአብዛኛው በሰሜን-ደቡብ መስመር ስለሆነ መርፌው እምብዛም ዞር አይልም።

ይልቅስ በምናለሽ ተራ ብረት መካከል ወይም ስልካችን ላይ አስደግፈን የያዝነው ኮምፓስ ነው ክፉኛ የሚያስተን።